ኮከቦቹን ሲሸኝ የኖረው ክለብ

ፒመውንት ዩናይትድ የአየርላንድን የሴቶች እግር ኳስ ሊግ አራት ጊዜ አሸንፏል፤ በ2012፣ በ2019፣ በ2020 እና በ2023። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሀገሪቱን የጥሎ ማለፍ ዋንጫም ሁለት ጊዜ ወስዷል። እንዲህ ያለ ክለብ ከጀርባው ትልቅ ስታዲየም፣ ገንዘብ የሚያፈስ ባለሀብት ወይም ስመ ጥር የወንዶች ቡድን ይኖረዋል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። ሻምሮክ ሮቨርስ፣ ሼልበርን፣ ቦሄሚያንስና ኮርክ ሲቲ በወንዶቹ ሊግ ለአሥርተ ዓመታት ስማቸው ሲጠራ ኖሯል። የፒመውንት ወንዶች ግን የሚጫወቱት በክፍለ ሀገር የአማተር ሊግ ነው። የዚህን ቤት ስም በሀገር ውስጥም ሆነ በአውሮፓ ያስጠሩት ሴቶቹ ናቸው።

ክለቡ የሚገኘው ከደብሊን ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ኒውካስል ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ግሪኖግ በሚባል ቦታ ነው። ከእንግሊዙ ኒውካስል ጋር ከስም በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። አንድ ጊዜ የእርሻ ብቻ የነበረው አካባቢ ዛሬ መጋዘኖችና ትንንሽ ፋብሪካዎች ገብተውበታል። ፒመውንት ሲባል በዕድሜ ለገፉ አየርላንዳውያን ቀድሞ ትዝ የሚላቸው ኳስ ሳይሆን ሆስፒታል ነው። የሳንባ ነቀርሳ በዚያች ሀገር ወጣቶችን በገፍ ይቀጥፍ በነበረበት ዘመን፣ በእመቤት ኢሽቤል አበርዲን የሚመራው የሴቶች የጤና ማኅበር በ1912 ለሕሙማኑ ማረፊያና ማገገሚያ እዚህ ከፈተ። የአካባቢው ሰው በሽታው ይጋባብናል ብሎ አጥብቆ ተቃወመ፤ በግንባታ ላይ የነበረውን አንዱን ሕንፃ እስከ ማፍረስም ደረሰ። ሴቶቹ ግን ሥራቸውን አላቆሙም፤ ሆስፒታሉም ተከፍቶ ዘመናትን ተሻገረ። በዚያው ስም የሚጠራው ክለብ ከመቶ ዓመት በኋላ በሴቶች ጉልበት መታወቁ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው።

የፒመውንትን ታሪክ በቅጡ ለመረዳት የአየርላንድ ሴቶች ከኳስ ጋር የነበራቸውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በዚያች ደሴት እግር ኳስ ብቻውን የነገሠበት ዘመን የለም። ገጠሩን የያዘው የሀገሬው ባህላዊ ጨዋታ የሆነው የጌሊክ ስፖርት ነበር፤ የጌሊክ ስፖርት ማኅበርም እስከ 1971 ድረስ አባላቱ እግር ኳስን የመሰሉ «የባዕድ» ጨዋታዎችን እንዳይጫወቱ ይከለክል ነበር። ሴቶቹም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ ካሞጊ የተባለ በዱላ የሚጫወቱት የራሳቸው ስፖርት ነበራቸው። እግር ኳስ በሴቶች ዘንድ ሥር መስደድ የጀመረው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በከተሞች፣ በተለይም የፋብሪካ ሠራተኛ የሆኑ ወጣት ሴቶች ከሥራ በኋላ በሚመሠርቷቸው ቡድኖች ነው። በ1973 የሴቶቹ የራሳቸው ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ብሔራዊ ቡድኑ በዌልስ ከተማ በላኔሊ የመጀመሪያ ይፋ ጨዋታውን አድርጎ 3 ለ 2 አሸነፈ፤ ሦስቱንም ጎሎች ያገባችው ፖላ ጎርሃም ነበረች።

በዚሁ በ1973 የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከላኔሊው ድል ይልቅ የሚከነክነኝ እሱ ነው። የፈረንሳዩ ክለብ ስታድ ደ ሬምስ የሴቶች ቡድን ወደ አየርላንድ መጥቶ ተጫወተ፤ ሲመለስ ደግሞ ከደብሊኑ ኢንቺኮር ሰፈር የበቀለችውን ወጣት አን ኦብራየንን ይዟት ሄደ። አን ከፈረንሳይ ወደ ጣሊያን ተሻግራ ለላትሲዮ፣ ለናፖሊ፣ ለሚላንና ለሌሎችም ተጫወተች፤ የጣሊያንን ሊግ ደጋግማ አሸነፈች፤ ኑሮዋንም እዚያው መሠረተች። ያሳደጋት ሀገር ግን ለረጅም ዓመታት ስሟን እንኳ የሚያነሳ አልነበረውም። ጎበዝ የሆነች ልጅ ሁሉ መሄድ ነበረባት። ለመቅረት ብትፈልግ የሚከፍላት ክለብ፣ በየሳምንቱ የሚያጫውታት ብሔራዊ ሊግ አልነበረም። ብሔራዊ ሊግ እስኪኖር ድረስ ከዚያ በኋላ 38 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ።

ፒመውንት ወደ ፊት የመጣው ይህ ጥበቃ ሊያበቃ ሲል ነው። አሰልጣኟ አይሊን ግሊሰን ነበሩ፤ ቡድናቸውን በአማተር አቅም እንደ ፕሮፌሽናል ለማሠራት የጣሩ፣ በኋላም በ2023 የአየርላንድን ብሔራዊ ቡድን የያዙ ሴት ናቸው። በ2010 ፒመውንት በጥሎ ማለፉ የፍጻሜ ጨዋታ ሳልትሂል ዴቨንን 4 ለ 2 አሸንፎ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አነሳ። በእነዚያ ዓመታት ገደማ የክለቡን ማሊያ ለብሰው ከተጫወቱት አንዷ ኬቲ ቴይለር ናት። ዓለም የሚያውቃት በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በቦክስ ባመጣችው ወርቅና በኋላም በፕሮፌሽናል ቦክስ በሰበሰበቻቸው ቀበቶዎች ነው፤ ነገር ግን ለአየርላንድ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድንም 11 ጊዜ ተሰልፋለች። ሁለቱንም የማስኬድ አቅሙ ነበራት፤ ቀኑ ግን ለሁለቱም አልበቃ ሲላት ቦክስን መረጠች።

ሊግ ስላልነበረ ወደ አውሮፓ የሚላከው የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ነበር። ስለዚህ ፒመውንት በ2011 በሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ተሳተፈ፤ ምድቡንም አልፎ ከ32ቱ ቡድኖች አንዱ ሆነ። ከዚያ በፊት ማንም የአየርላንድ የሴቶች ክለብ እዚያ ደርሶ አያውቅም። ዕጣው ያገናኘው ከፓሪ ሳን ዠርማ ጋር ነበር። በሜዳው 2 ለ 0፣ በፓሪስ 3 ለ 0 ተሸነፈ። የደርሶ መልሱ ውጤት 5 ለ 0 መሆኑ ብቻውን ቢነበብ ሽንፈት ነው። ሆኖም ቀን ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ውለው ማታ ልምምድ የሚወርዱ ልጆች ከፓሪስ ክለብ ጋር 180 ደቂቃ ተጫውተው ነው፤ ሰፊ የጎል ልዩነት ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ይህን ያህል መቋቋማቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚያው መኸር፣ በኅዳር 2011፣ የሴቶች ብሔራዊ ሊግ በስድስት ክለቦች ተጀመረ። ካስልባር ሴልቲክ፣ ኮርክ፣ ፒመውንት፣ ራሄኒ ዩናይትድ፣ ሻምሮክ ሮቨርስና ዌክስፎርድ ዩዝስ ናቸው። ይህን ዝርዝር ልብ ብሎ ለሚያየው፣ ከወንዶቹ ሊግ ትልልቅ ስሞች መካከል የመጣው ሻምሮክ ሮቨርስ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ሊጉን በእግሩ ያቆሙት የሰፈርና የመንደር ክለቦች ናቸው። ፒመውንት የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን አሸንፎ የሊጉ የመጀመሪያ ሻምፒዮን ሆነ።

ከዚያ ጥቅምት 20 ቀን 2013 መጣ። ፒመውንት ከዌክስፎርድ ዩዝስ ጋር በሚጫወትበት ዕለት ኳስ ከክንፍ ተሻግራ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ወደቆመችው አጥቂ ወደ ስቴፋኒ ሮች መጣች። ሮች ጀርባዋን ለጎሉ ሰጥታ ነበር። በመጀመሪያው ንክኪ ኳሷን አቆመች፤ በሁለተኛው በራሷና በተከላካይዋ አናት ላይ አሻገረቻት፤ ዞር ብላ ኳሷ መሬት ሳትነካ መታቻት፤ ገባች። በሜዳው የነበረው ተመልካች መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ዘመን የዚህ ሊግ ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም፤ ካሜራ ይዞ የሚቀርጽ የክለብ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ጎል ያዩት ሰዎች ብቻ ሲያወሩት የሚቀር ነበር። ተቀርጾ ስለነበር ግን ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀና በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው።

ፊፋ ለዓመቱ ምርጥ ጎል የሚሰጠው የፑሽካሽ ሽልማት ሦስት የመጨረሻ ዕጩዎች ሲታወቁ፣ ከኮሎምቢያው ሃሜስ ሮድሪጌዝና ከሆላንዱ ሮቢን ቫን ፐርሲ ጎን ስቴፋኒ ሮች ተሰለፈች። የሁለቱ ጎል በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ፣ ቢሊዮን ዓይን እያየው የተቆጠረ ነው። በጥር 2015 በዙሪክ በተደረገው ሥነ ሥርዓት ሮድሪጌዝ 42 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ፤ ሮች በ33 በመቶ ሁለተኛ ወጣች፤ ቫን ፐርሲ በሰፊ ርቀት ሦስተኛ ሆነ። ይህን ጎል ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ለእኔ ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ይህን የምለው ለሴቶቹ በማድላት አይደለም። የመጀመሪያው ንክኪ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለምቱ እንዴት እንደሚያመቻች ያየ ሰው በአጋጣሚ የተገኘ ነው ሊል አይችልም።

ዙሪክ ላይ ክብሩን በተቀበለችበት ጊዜ ግን ሮች የፒመውንት ተጫዋች አልነበረችም። በ2014 ወደ ፈረንሳዩ አልቢ ሄዳለች፤ ከዚያም ወደ አሜሪካው ሂዩስተን ዳሽ፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዙ ሰንደርላንድ ተሻገረች። ከእርሷ ቀድማ በ2013 የመሀል ተከላካይዋ ሉዊዝ ኩዊን ወደ ስዊድን ሄደች። በ2014 ደግሞ አሰልጣኟ ግሊሰን ወደ ዩሲዲ ዌቭስ ተዛወሩ፤ እንደ ኦንያ ኦጎርማንና ካረን ዱጋን ያሉ የቡድኑ ምሰሶዎችም ወደዚያው አመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱ ባዶ ቀረ ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ማንሳት ግድ ይላል። በወንዶች እግር ኳስ አንድ ወጣት ወደ ውጭ ሀገር ክለብ ሲዛወር ላሠለጠነው ክለብ ካሳ ይከፈላል፤ ትንንሽ ክለቦች ሜዳቸውን የሚያድሱት፣ አሰልጣኝ የሚቀጥሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ገንዘብ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ ግን ይህ የማሠልጠኛ ካሳ በሴቶች እግር ኳስ እንደማይሠራ በግልጽ አስፍሮ ቆይቷል። ምክንያቱ ሲነገር የሴቶቹ ክለቦች ገና ድሃ ስለሆኑ ካሳው ዝውውርን እንዳያንቅ ነው ይባላል። አሳቢነቱ ለገዢው ነው። ልጆቹን አሳድጎ ለስዊድን፣ ለጀርመንና ለፈረንሳይ የሚሸኘው ክለብ እጁን አጨብጭቦ ይቀራል። አማተር ተጫዋች ያለ ዝውውር ዋጋ ነፃ ሆና ስትወጣ ለፒመውንት የሚተርፈው ኩራት ብቻ ነው፤ ኩራት ደግሞ የአውቶቡስ ኪራይ አይከፍልም።

እንዲህ ያለውን ጫና ያልቻሉ ክለቦች ነበሩ። ራሄኒ ዩናይትድ፣ የሰሜን ደብሊኑ የሰፈር ክለብ፣ ከፒመውንት ቀጥሎ ሊጉን ሁለት ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ፣ ጥሎ ማለፉንም ከ2012 እስከ 2014 ሦስት ጊዜ ወስዶ ነበር። በ2015 የሴቶቹ ቡድን በሼልበርን ስም ሥር ገባ። ተጫዋቾቹ የተሻለ ነገር አግኝተው ይሆናል፤ ለእነርሱ ያ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ይሁን እንጂ አምስት ዋንጫ ያነሳ ስም ከከፍተኛው ሊግ በዚያው ጠፋ። ፒመውንትም በእነዚያ ዓመታት ዌክስፎርድና ሼልበርን ዋንጫ ሲቀባበሉ ከዳር ሆኖ ያይ ነበር፤ ስሙን ግን ለማንም አልሰጠም።

የተጫዋቾቹ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ሀገሩ በግልጽ የሰማው በሚያዝያ 2017 ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች በደብሊን የሠራተኞች ማኅበር ሕንፃ በሊበርቲ ሆል ተሰብስበው ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። የሀገር ቱታቸውን ከታዳጊ ቡድኖች ጋር እንደሚጋሩ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ መጸዳጃ ቤት ቀይረው ቱታውን መልሰው እንደሚያስረክቡ፣ ለሀገራቸው ለመጫወት ከሥራ ሲቀሩ ደመወዛቸው እንደሚቆረጥ ተናገሩ። ካልተስተካከለ አንጫወትም አሉ። በፒመውንት ያለፉት ኦጎርማን፣ ሮችና ዱጋን በዚያ ከተቀመጡት መካከል ነበሩ። ፌዴሬሽኑ በቀናት ውስጥ ተስማማ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2021፣ የአየርላንድ ወንዶችና ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች እኩል ክፍያ እንዲያገኙ ተወሰነ። ያን የፈቀዱት ባለሥልጣናት ምስጋና ይገባቸዋል፤ መንገዱን የጠረጉት ግን ያን ቀን ሊበርቲ ሆል የተቀመጡት ሴቶች ናቸው።

ፒመውንት ቀስ በቀስ አገገመ። የሄዱት መመለስ ጀመሩ፤ ዱጋን ተመለሰች፣ ኦጎርማን ተመለሰች። ከሰሜን ምዕራቧ ዶኒጎል የመጣችው አጥቂ አምበር ባሬት ደግሞ ጎል በጎል አደረገቻቸው። አሰልጣኙ ጄምስ ኦካላሃን የሠሩት ቡድን በ2019 ሊጉን አሸነፈ፤ በመካከል ባሬት ወደ ጀርመኑ ኮሎኝ ሄዳባቸው እንኳ ቡድኑ አልፈረሰም። በ2020 ሮችም ወደ ቀድሞ ቤቷ ተመለሰች። ኮቪድ ባሳጠረው በዚያ ዓመት ፒመውንት ሊጉን ደገመ፤ በታኅሣሥ ወር ታላ ስታዲየም ላይ በባዶ ወንበር ፊት በተካሄደው የጥሎ ማለፍ ፍጻሜም ኮርክ ሲቲን 6 ለ 0 አሸንፎ ሁለቱንም ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰደ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በቻምፒየንስ ሊጉ ማጣሪያ ስኮትላንድ ሄዶ ከግላስጎው ሲቲ ጋር ጭማሪ ሰዓቱን ጨምሮ ያለ ጎል ተለያይቶ ነበር። በመለያ ምት 6 ለ 5 ተሸነፈ። ግላስጎው ሲቲ በዚያው ዓመት በውድድሩ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነው።

2021 መራራ ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ዋንጫው በእጃቸው ሆኖ ሳለ በሜዳቸው በጎልዌይ ክለብ 5 ለ 2 ተሸንፈው ለሼልበርን አስረከቡት። ስለዚያ ቀን ብዙ ማለት አያስፈልግም።

ጥቅምት 11 ቀን 2022 ግን ብዙ ሊባልለት ይገባል። አየርላንድ በግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ ከስኮትላንድ ጋር ለዓለም ዋንጫ ትኬት ትጫወት ነበር። ከጨዋታው አራት ቀን በፊት በዶኒጎል ክሪስሎ በምትባል ትንሽ መንደር ነዳጅ ማደያ ላይ በደረሰ ፍንዳታ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ አምበር ባሬት የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይራ ገባች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመሀል የተላከላትን ኳስ ይዛ ሮጣ በግብ ጠባቂዋ አጠገብ አሳልፋ አገባች። ተንበርክካ በክንዷ ላይ የታሰረውን ጥቁር ጨርቅ ሳመች። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ የአየርላንድ ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፉ። ከጨዋታው በኋላ ባሬት ጎሉን ለክሪስሎ ሙታንና ለቤተሰቦቻቸው ሰጠች። በቀጣዩ ዓመት ወደ አውስትራሊያ በተጓዘው ቡድን ውስጥ ባሬት፣ ኩዊንና ኦጎርማን ነበሩበት፤ ሦስቱም በተለያየ ጊዜ ግሪኖግ ላይ የተጫወቱ ናቸው።

በዓለም ዋንጫው ዋዜማ ሊጉም ተለወጠ። ከ2023 ጀምሮ ክለቦቹ ለሴቶቹ የፕሮፌሽናል ውል እንዲሰጡ ተፈቀደ፤ ሻምሮክ ሮቨርስም ዓመታት ርቆ ወደ ሴቶቹ ሊግ ተመለሰ። ሲመለስ የተዘጋጀ ቡድን ያስፈልገው ነበርና ሌላው ቤት ያደረሳቸውን ተጫዋቾች ሰበሰበ። ከፒመውንት ኦጎርማንና ሮች ጭምር ሄዱ። ተጫዋቾቹን ማንም ሊወቅስ አይገባም፤ በሀገራቸው ሊግ ለዓመታት በነፃ የተጫወቱ ሰዎች የሚከፍላቸው ሲገኝ መሄዳቸው መብታቸው ነው። የሚያስከፋው የክለቡ ድርሻ አለመታሰቡ ነው። ብዙ ሰው ፒመውንት በዚህ አበቃ ብሎ ነበር። ዱጋን ግን ቀረች፤ ዙሪያዋን ወጣቶቹ ያዙ፤ እንደ ኤሪን ማክላፍሊን ያሉ ጎል አግቢዎች ወጡ፤ በዚያው ዓመት መኸር ፒመውንት አራተኛውን የሊግ ዋንጫ አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ወደ አትሎን ታውን ዞሯል፤ 2024ንም 2025ንም ያሸነፈው እሱ ነው። አትሎን ከደብሊን ውጭ ያለ የመካከለኛው አየርላንድ ከተማ ክለብ ነው፤ የወንዶቹ ቡድኑም በዝቅተኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል። ትልቅ የወንዶች ስም የሴቶች ዋንጫ እንደማያመጣ ፒመውንት አሳይቶ ነበር፤ አሁን ሌላ ክለብም እያሳየ ነው። ፌዴሬሽኑ ይህን አይቶ ገንዘብ ሲያከፋፍል የስመ ጥሮቹን በር ብቻ ማንኳኳት የለበትም። ታዳጊ ልጃገረዶችን ከ17 እና ከ19 ዓመት በታች ባሉት ብሔራዊ ሊጎች የሚያሳድጉት ክለቦች፣ ልጆቻቸው በሌላ ማሊያ ሲታዩ የሚደርሳቸው ነገር በደንቡ ውስጥ ሊጻፍ ይገባል። ይህን ለማድረግ የፊፋን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሀገር ውስጥ ለሚደረግ ዝውውር የሀገሩ ፌዴሬሽን ደንብ ይበቃል።